ሪፈር ወረቀቱና ጠባቂው

በጥር 2013 መገባደጃ አዲስ አበባ ውስጥ ታስረው የነበሩ የኦሮሞ ፖለቲከኞች ምግብ አንቀምስም አሉ። ችሎት ሊከታተሉ የሚመጡ ደጋፊዎቻችንና ቤተሰቦቻችን ይዋከባሉ፣ ይታሰራሉ የሚል ነበር ቅሬታቸው። ከመካከላቸው አንዱ አቶ በቀለ ገርባ ነበሩ፤ የምዕራብ ወለጋዋ ቦጂ ድርመጂ ተወላጅ፣ የእንግሊዝኛ መምህር፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2012 ሦስት ጊዜ የታሰሩ ሰው። ሰውነታቸው እየተዳከመ ሲሄድ ጠበቆች ለፍርድ ቤት አመለከቱ፤ ፍርድ ቤቱም ላንድማርክ በተባለው የግል ሆስፒታል፣ በግል ሐኪሞቻቸው ክትትል እንዲታከሙ አዘዘ። ጠበቆቻቸው እንደተናገሩት ግን የፀጥታ ኃይሎች አቶ በቀለን ያለ ፈቃዳቸው የወሰዷቸው ወደ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሐኪም፣ ሕክምናው እንዲሰጥ የሚያዝ ዳኛ፣ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን የጥበቃ አዛዥ። የመጨረሻው ቃል የሦስተኛው ሆነ። አቶ በቀለ ደግሞ ስማቸው በአገር የታወቀ፣ ጠበቆች የቆሙላቸው፣ ጋዜጠኞች ጤንነታቸውን እየተከታተሉ የሚዘግቡላቸው ሰው ነበሩ። ጠበቃ የሌለው፣ ከቀበሌው ውጪ ስሙን የሚያውቅ የሌለ አንድ ገበሬ በወለጋ ጊምቢ ወይም ሻምቡ ማረሚያ ቤት ውስጥ ሌሊት ደም ቢያስለው ጉዳዩ በማን እጅ ይወድቃል?

በየዞኑ ማረሚያ ቤት መንገዱ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። የታመመው ሰው ለቤቱ ካቦ፣ ለእስረኞቹ አለቃ፣ ይናገራል። ካቦው በሩ ላይ ላለው ጠባቂ ይጮኻል። ጠባቂው ለተረኛው ኃላፊ ያሳውቃል። ሌሊት ከሆነ ቁልፉ እስኪመጣ፣ ኃላፊው እስኪፈቅድ መጠበቅ አለ። ሲነጋ የማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ይከፈታል። በክሊኒኩ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያሉት ነርስ ወይም ጤና መኮንን፣ ጥቂት የሕመም ማስታገሻና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ናቸው። ከዚያ በላይ የሆነ ሕመም ወደ ሆስፒታል መላኪያ ሪፈር ይጻፍለታል። ሪፈር መጻፍ ግን ሆስፒታል መድረስ ማለት አይደለም። መኪና ያስፈልጋል፣ ነዳጅ ያስፈልጋል፣ የሚያጅቡ ፖሊሶች ያስፈልጋሉ። የዚያን ቀን ፖሊሶቹ ቀጠሮ ያላቸውን እስረኞች ይዘው ፍርድ ቤት ከሄዱ ሪፈሩ ለነገ ይተላለፋል፤ ነገ ደግሞ የራሱ ቀጠሮ አለው። ሆስፒታል ተደርሶ መድኃኒት ቢታዘዝ እንኳ በመንግሥት ፋርማሲ ከሌለ ከውጭ የሚገዛው ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ሩቅ ከሆነ ወይም ጨርሶ ጠያቂ ከሌለ ማዘዣው ኪስ ውስጥ ይቀራል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ክፉ ሰው መኖሩ ግድ አይደለም። ጠባቂው እስረኛ ቢያመልጥ እንደሚጠየቅ ያውቃል፤ እስረኛ ሳይታከም ቢቀር ግን ማን እንደሚጠይቀው አያውቅም። ከሁለቱ ፍርሃቶች የትኛው እንደሚያሸንፍ ለመገመት አይከብድም።

ገንዘቡም ያው ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለ እ.ኤ.አ. 2016 ባወጣው የሰብዓዊ መብት ሪፖርት በኢትዮጵያ ለአንድ እስረኛ በቀን የሚመደበው፣ ለምግቡም ለውኃውም ለሕክምናውም ተደምሮ፣ 9 ብር ገደማ እንደነበር ጽፏል። አገሪቱ 6 የፌዴራልና 120 የክልል ማረሚያ ቤቶች እንዳሏትም አስፍሯል። ሕክምናው በፌዴራሎቹ የማያስተማምን፣ በክልሎቹ ደግሞ የለም በሚባል ደረጃ ላይ ያለ ነው ሲል ነበር የደመደመው። የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የደምቢ ዶሎና የሻምቡ ማረሚያ ቤቶች ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ የሚተዳደሩት በኦሮሚያ ክልል ነው። ስለዚህ ፓርላማው በ2012 ለፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ያወጣው አዋጅ ቁጥር 1174 የሚገዛው በቀጥታ ቃሊቲንና ዝዋይን የመሳሰሉትን እንጂ የወለጋዎቹን አይደለም። የወለጋ እስረኛ ከክልሉ ሕግ በተጨማሪ የሚይዘው ትልቁ ምርኩዝ ሕገ መንግሥቱ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ የመያዝ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ሊጎበኙት ከሚገቡ ሰዎች መካከልም የትዳር ጓደኛውን፣ የሃይማኖት አባቱንና ጠበቃውን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙንም በስም ጠርቷል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሐኪም ማየት ከጥበቃው የሚለመን ቸርነት አይደለም፤ የትዳር ጓደኛን ከማየት ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር የሰፈረ መብት ነው። አንቀጽ 18 ኢሰብዓዊ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆኑ ይደነግጋል።

ከዓለም አቀፎቹ ሰነዶች ለእስረኛ የሚቀርበው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ ነው። ስምምነት ሳይሆን መመዘኛ ነው፤ የሚጠራውም በኔልሰን ማንዴላ ስም ነው። ማንዴላ በ1954 አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ ቆይተው ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተያዙ፤ ከዚያ የቀጠለው የ27 ዓመት እስር ነው። በኬፕ ታውን አቅራቢያ ባለው የፖልስሙር ወህኒ ቤት እያሉ እ.ኤ.አ. በ1988 የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው። በስማቸው የተጠራው ደንብ የእስረኛ ሕክምና የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን፣ ውጭ ያለው ሕዝብ ከሚያገኘው ማነስ እንደሌለበትና ነፃ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ደንብ 27 ደግሞ ከላይ ያየነውን የሦስቱን ሰዎች ጉዳይ በቀጥታ ይነካዋል፦ የሕክምና ውሳኔ የጤና ባለሙያው ብቻ ነው፤ የሕክምና ሰው ያልሆነ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ሊሽረው ወይም ችላ ሊለው አይችልም። ጊምቢ ላይ የተጻፈ ሪፈር «ዛሬ አጃቢ የለም» ተብሎ ለሳምንት ሲዘገይ የሚጣሰው ይህ ነው። በመሻርና በማዘግየት መካከል ለታማሚው ብዙ ልዩነት የለም።

የኢትዮጵያ የቅርብ ታሪክ ይህን በሚያሳዝን መንገድ አሳይቷል። ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች አንዱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበሩ፣ ለሐኪሞች ትውልድ መምህር ነበሩ። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት መሪ ሆነው በ1986 ታሰሩ። የስኳርና የልብ ሕመም ነበረባቸው። ምን እንደሚያማቸው፣ ምን እንደሚያስፈልጋቸው፣ ሳይታከሙ ቢቆዩ ምን እንደሚከተል ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ እስረኛ በአገሪቱ ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እውቀቱ ግን በሩን አልከፈተላቸውም። በታኅሣሥ 1991 ተለቀው ለሕክምና ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ጊዜው አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት 6 ቀን ፊላደልፊያ ውስጥ ዐረፉ። ጋዜጠኛ ተመስገን ደሳለኝም ከጥቅምት 2007 ጀምሮ ሦስት ዓመቱን ዝዋይ ሲፈጽም በጀርባና በጆሮ ሕመም ይሠቃይ እንደነበር፣ ተገቢ ሕክምና እንደተከለከለም ቤተሰቡና የጋዜጠኞች መብት ተሟጋቾች ደጋግመው አሳውቀዋል። ቅጣቱ የተፈረደው ሦስት ዓመት ነው፤ ጀርባው ላይ የፈረደ ዳኛ ግን አልነበረም።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከሕክምና ጋር የቆየ ትውውቅ ያላት ከተማ ናት። የስዊድን ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት ሆስፒታል ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲያገለግል ኖሮ ዛሬ የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሆኗል። የወለጋ ዩኒቨርሲቲም የራሱ ሪፈራል ሆስፒታል አለው። ጊምቢ የአድቬንቲስት ሆስፒታል፣ አይራ የመካነ ኢየሱስ ሆስፒታል አላቸው። ነቀምቴ ለታሰረ ሰው እንግዲህ ሐኪሙ ያለው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። የሚለያያቸው አጥሩና አጃቢው ነው። ደምቢ ዶሎ ለታሰረ ሰው ግን የስፔሻሊስት ሐኪም ጉዳይ የብዙ ሰዓት መንገድ ነው።

በዚያው በነቀምቴ ሆስፒታል በወጣትነቱ በቀዶ ሕክምና ረዳትነት የሠራ አንድ የቦጂ ልጅ ነበር፦ ኋላ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የሆኑት ቄስ ጉዲና ቱምሳ። ደርግ ሐምሌ 21 ቀን 1971 አፍኖ ወስዶ ገደላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ታሰሩ። ክስ ሳይመሠረትባቸው ዐሥር ዓመት ገደማ ታስረው ቆዩ፤ የደረሰባቸው ድብደባም ዕድሜ ልካቸውን በአካላቸው ላይ የተሸከሙት ጉዳት ጥሎባቸው አለፈ። ወይዘሮ ፀሐይ ያለፉበት ነገር ስለ እስርና ስለ አካል ጉዳት ሲነሳ በቅድሚያ ሊነገር የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥያቄው «አካል ጉዳተኛ ሆኖ የታሰረ ሰው እንዴት ይያዝ?» ተብሎ ብቻ ይቀርባል። ጤነኛ ሆኖ ገብቶ አካል ጉዳተኛ ሆኖ የወጣውስ? በታኅሣሥ 2011 የመንግሥት ቴሌቪዥን «የፍትሕ ሰቆቃ» በሚል ርእስ ያሠራጨው ዘጋቢ ፊልም ላይ የቀረቡ የቀድሞ እስረኞች በምርመራ ወቅት የደረሰባቸውን የአካል ጉዳት ለሕዝብ አሳይተዋል። አገሩ ሁሉ አልቅሶ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ቀሪ ሕይወት ግን ሕክምና፣ ምርኩዝና ካሳ ይጠይቃል፤ ያ ጥያቄ በዕንባ አይመለስም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የአካል ጉዳት ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ደግሞ 17.6 በመቶ የሚገመተው ከአካል ጉዳት ጋር ይኖራል። የ1999ኙ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ያገኘው ከ1 በመቶ ብዙም ያልዘለለ ነበር። ልዩነቱ የሰዎቹ መብዛትና ማነስ ሳይሆን የአጠያየቁ ነው፤ «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ቤተሰብ የለም ይላል። ማረሚያ ቤቱም ሲቀበል በዚሁ ዓይነት ካየ፣ ዊልቸር ላይ ከተቀመጠው በስተቀር ማንንም አይመዘግብም። በአንድ ጆሮው የማይሰማው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ማታ ማታ ዐይኑ የማያይለት ሁሉ «ጤነኛ» ተብሎ ይገባል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። አንቀጽ 14 አካል ጉዳተኛ በሕግ ነፃነቱን ሲያጣ ከሌላው እስረኛ እኩል እንዲያዝና ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት ያዝዛል። የማንዴላ ደንብም በቁጥር 5 ይህንኑ ይላል። ቃሉ ከባድ ይመስላል፤ ብዙ ባለሥልጣን ሲሰማው ሊፍት፣ ውድ መሣሪያ፣ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ይታየዋል። ወለጋ ላይ ግን ነገሩን ወደ ምድር የሚያወርድ አንድ በሽታ አለ።

ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ሰው በልማድ ዝሆኔ ይለዋል። የሚይዘው በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄደውን ገበሬ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ገብተው የእግርን የሊምፍ ቧንቧ ይጎዳሉ፤ እግር ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። ተላላፊ አይደለም፤ ሰው ግን እንደ ተላላፊ ይሸሸዋል። በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ የተሠራ ጥናት ከነዋሪው 2.8 በመቶ ያህሉ ላይ አግኝቶታል። ሕክምናው በየቀኑ እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እብጠቱን በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በዋጋ ከታየ ከርካሾቹ የዓለም ሕክምናዎች አንዱ ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነቀምቴ ወይም ጊምቢ ማረሚያ ቤት ገባ እንበል። ውኃ በጀሪካን ተሰፍሮ የሚታደል ከሆነ፣ የእርሱም ድርሻ ከሌላው እኩል ከሆነ፣ እግሩን ይታጠብ ወይስ ይጠጣ? ክፍሉ ተጨናንቆ ሰው ጎን ለጎን የሚተኛ ከሆነ እግሩን ከፍ አድርጎ የሚያሳርፍበት ቦታ የት ነው? አጠገቡ የሚተኛው ሰው ሽታውን ሽሽት ቢያስነሳው ወዴት ይሄዳል? ለዚህ ሰው «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ማለት በቀን አንድ ተጨማሪ ባልዲ ውኃ፣ ሳሙና፣ ትርፍ ጫማና በግድግዳው በኩል አንድ መኝታ ነው። ከበጀት ችግር በፊት የሚቀድመው ማንም ይህን ሰው በሚገባበት ቀን «እግርህን እንዴት ነው የምትታከመው?» ብሎ ጠይቆ መዝገብ ላይ አለማስፈሩ ነው። የማንዴላ ደንብ በቁጥር 30 እስረኛ እንደገባ በተቻለ ፍጥነት በጤና ባለሙያ ይታይ የሚለው ለዚህ ነው።

መስማት የተሳነው ሰው ሌላ ዓይነት ግድግዳ ያጋጥመዋል። ማረሚያ ቤት በድምፅ የሚተዳደር ቦታ ነው። ቆጠራው በጥሪ፣ ምግቡ በጥሪ፣ ጠያቂ መምጣቱ በጥሪ፣ ትእዛዙም በጥሪ ነው። ጥሪውን ያልሰማ ሰው ትእዛዝ ያልተቀበለ መስሎ ይታያል። ሐኪም ፊት ሲቀርብም የት እንደሚያመው የሚያስረዳለት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሌለ ምርመራው በግምት ይሆናል። ዐይነ ስውሩ የቅሬታ ማመልከቻውን ለሌላ ሰው ያስጽፋል፤ የሚጽፍለት ሰው ቅሬታው የሚመለከተው ሰው ወዳጅ ቢሆንስ? ምርኩዝና ነጭ በትር በጥበቃ ዓይን ሲታዩ ዱላ ናቸው፤ ለባለቤታቸው ግን እግርና ዐይን ናቸው። በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ ሰው ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበትን ሽንት ቤት እንዴት እንደሚጠቀም ያሰበ የማረሚያ ቤት መሐንዲስ እምብዛም የለም፤ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ያዘዘው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግን የወጣው በ2001 ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ኢሰመኮ፣ በማረሚያ ቤት ክትትል ሪፖርቶቹ የአካል ጉዳተኛ እስረኞችን ተደራሽነት ችግር በየጊዜው የሚያነሳው ስለዚህ ነው። በእነዚህ ክፍተቶች ውስጥ የሚገቡት ሌሎች እስረኞች ናቸው። የሚያዝሉ፣ የሚያጥቡ፣ የሚያጎርሱ፣ ሰልፍ የሚይዙላቸው እነርሱ ናቸው። ደግነታቸው ሊመሰገን ይገባል፤ የመንግሥት ግዴታ ግን በእስረኛ ጓደኛ ደግነት ላይ ሊመሠረት አይችልም።

ስለ አእምሮ ሕመም ሕጉ ራሱ ቀድሞ ተናግሯል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ማወቅ ወይም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው በወንጀል እንደማይጠየቅ ይደነግጋል፤ ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎችም ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ሕክምና እንዲልክ መንገድ ይሰጣሉ። መንገዱ ግን ረጅም ነው። ለምርመራ ሲባል ብዙዎች የሚላኩት አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከወለጋ ሰው ይዞ አዲስ አበባ ለመድረስ አጃቢ፣ መኪናና የሆስፒታል ቀጠሮ መገናኘት አለባቸው። እስከዚያ ድረስ ሕመምተኛው ማረሚያ ቤት ይቆያል።

ስለ ሳንባ ነቀርሳ አንድ ቁጥር ብቻ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ማረሚያ ቤቶች ጥናት በሽታው በእስረኞች ላይ ከ100,000 ሰው 1,913 ያህል ሆኖ አግኝቶታል፤ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ሰባት እጥፍ ያህል ማለት ነው። እስረኛም ጠባቂም የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው፤ ማታ ጠባቂው ወደ ልጆቹ ይገባል፣ እሑድ ጠያቂው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዱድሊ ሊ የተባለ እስረኛ በዚያው ማንዴላን ባሳመመው ፖልስሙር ወህኒ ቤት ነቀርሳ ይዞት መንግሥትን ከሰሰ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በሽታው እንዳይዛመት ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረጉ መንግሥት ኃላፊ ነው ሲል ወሰነ።

እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች ከየት ይጀምራሉ? ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወረቀት። ቴክሳስ ውስጥ ጋምብል የሚባል እስረኛ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ላይ እያለ የጥጥ እስር ወደቀበትና ጀርባው ተጎዳ፤ ተገቢ ሕክምና አላገኘሁም ብሎ በእጁ ጽፎ ከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ለጋምብል ለራሱ አልፈረደለትም፤ ነገር ግን የእስረኛን ከባድ ሕመም እያወቁ ችላ ማለት ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የሚነሳ የእስር ቤት ሕክምና ክርክር ሁሉ ወደ እርሱ ማመልከቻ ይመለሳል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ አዴል ፕራይስ የተባለች፣ እጆቿና እግሮቿ ሲወለዱ ጀምሮ ያልተሟሉ ሴት በዕዳ ክርክር ችሎት ደፍረሻል ተብላ እ.ኤ.አ. በ1995 ለጥቂት ቀናት ታሰረች። የመጀመሪያውን ሌሊት ያሳለፈችው በብርዳም የፖሊስ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ስላልተስማማት በዊልቸሯ ላይ ተቀምጣ ነው፤ የአደጋ ጥሪ ቁልፉም አይደረስላትም ነበር። ማንም አልመታትም፣ ማንም አልሰደባትም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2001 አያያዙ አዋራጅ ነበር ብሎ ፈረደ። በእኛ አገር «ማንም እጁን አላነሳባቸውም» የሚለው መልስ እንደ ሙሉ መከላከያ ለሚታይበት ክርክር ይህ ፍርድ ትልቅ ትምህርት አለው።

ነቀምቴ ላይ ወረቀቱ ወዴት ይሄዳል? የመጀመሪያው በር የማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ነው፤ ችግሩም የሚከሰሰውና የሚቀበለው አንድ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ላለ እስረኛ፣ የቀጠሮው ቀን ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ «ሪፈር ተጽፎልኝ አልተወሰድኩም» ብሎ ማስመዝገብ ከሁሉ የሚፈጥን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛው ማረሚያ ቤቱን በጽሑፍ መልስ ሊጠይቅ ይችላልና። ፍርዱ ያለቀለት እስረኛ ግን ይህ በር ተዘግቶበታል። ሦስተኛው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና ኢሰመኮ ናቸው። ኢሰመኮ የተቋቋመው በ1992 በአዋጅ ቁጥር 210 ነው፤ በ2012 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1224 ማረሚያ ቤቶችን አስቀድሞ ሳያሳውቅ እንዲጎበኝ ሥልጣን ሰጥቶታል። የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን መብቶችን የሚከታተል ራሱን የቻለ የኮሚሽነር ወንበርም አለው። በነፃ የስልክ መስመሩም ከውጭ ያለ ቤተሰብ ሊደውል ይችላል።

አራተኛው በር ሲቪል ማኅበራት ናቸው፤ የወለጋ ታሪክ እዚህ ላይ መራራ ነው። በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉ፣ ነቀምቴ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው። በነሐሴ 1999 የቅርንጫፉ ሰዎች ራሳቸው ታሰሩ። የእስረኛን አቤቱታ የሚቀበሉት እስረኛ ሆኑ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አዋጅ ቁጥር 621 ወጥቶ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ሲገድብ ኢሰመጉ ከ12 ቅርንጫፎቹ 9ኙን ዘጋ። አዋጁ በ2011 ተሽሯል፤ የተበተነ ባለሙያና የተቋረጠ እምነት ግን በአዋጅ ተመልሶ አይሰበሰብም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከ2011 ጀምሮ ወለጋ የመንግሥት ኃይሎችና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት የሚዋጉበት ምድር ሆኗል። በ2012 ለሦስት ወር ያህል በምዕራብና በቄለም ወለጋ፣ በሆሮ ጉዱሩና በምሥራቅ ወለጋ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ነፃ የስልክ መስመር ስልክ በሌለበት አገር ምን ይሠራል? መንገድ ሲዘጋ ስንቅና መድኃኒት ይዞ የሚመጣው ጠያቂም አብሮ ይቀራል፤ የሪፈር መኪናውም አይነሳም። በግጭቱ የሚያዙት ሰዎች ብዙዎቹ የሚቆዩት በፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ጣቢያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ክሊኒክ እንኳ የለውም። ኢሰመኮ በ2013 በኦሮሚያ 21 ፖሊስ ጣቢያዎችን ተዘዋውሮ ያየውን ባወጣበት ሪፖርት መጨናነቅንና ድብደባን ጨምሮ ከባድ የአያያዝ ችግሮችን አስፍሯል።

አቤት ለማለት ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሕክምና ስለተከለከለ አቤት የሚል እስረኛ አቤቱታውን ጽፎ እንደጨረሰ የሚመለሰው ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ጠባቂ እጅ ነው። የማንዴላ ደንብ በቁጥር 56 እስረኛ በየቀኑ አቤቱታ የማቅረብ ዕድል እንዲኖረው፣ ለበላይ አካልና ለፍርድ ቤት የሚጽፈውም ይዘቱ ሳንሱር ሳይደረግበት እንዲደርስለት ያዝዛል፤ በቁጥር 57 ደግሞ ፈጣን መልስና ከበቀል ጥበቃ እንዲያገኝ። ሐኪሙም ነፃ አይደለም። የማረሚያ ቤቱ ነርስ ደመወዟን የምታገኘው ከዚያው ከማረሚያ ቤቱ ከሆነ ሪፈሯ ችላ ሲባል በማን ላይ ትመሰክር? የእስር ቤት ጤና ከፖሊስና ከማረሚያ መዋቅር ወጥቶ በጤና ጥበቃ ሥር ይሁን የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር መነሻው ይኸው ነው። ለወለጋ የሚበጀውም እርሱ ይመስላል፦ የነቀምቴው የማረሚያ ቤት ክሊኒክ የነቀምቴ ሆስፒታል አንድ ክፍል ቢሆን፣ ነርሷ የምትጠየቀው ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን፣ ሪፈሯን የሚያግዳት አዛዥ ምክንያቱን በፊርማው መጻፍ ይኖርበታል።

ያ እስኪሆን ግን ነገ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። በየማረሚያ ቤቱ ሁለት መዝገቦች ይገኛሉ ተብሎ ይጠበቃል። አንዱ የክሊኒኩ ነው፤ ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ሕመም ሪፈር እንደተጻፈ ያሳያል። ሌላው የበሩ ነው፤ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኞቹ አጃቢዎች ጋር እንደወጣ ያሳያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተዘርግተው ቀን በቀን ቢነጻጸሩ ስንት ሪፈር ሆስፒታል እንደደረሰ፣ በስንተኛው ቀን እንደደረሰ፣ ስንቱ እንደቀረ ይታወቃል። ክርክሩም ከ«ታክሟል»ና «አልታከመም» ወደ ቀንና ቁጥር ይወርዳል። በክሊኒኩ መዝገብ ላይ ለአካል ጉዳት አንድ ዓምድ ቢጨመር ደግሞ ማን ውኃ፣ ማን አስተርጓሚ፣ ማን ምርኩዝ እንደሚያስፈልገው በዚያው ይታያል። የኦሮሚያ ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ይህን ለማዘዝ አዲስ ሕግም ሆነ የውጭ እርዳታ አያስፈልገውም፤ ኢሰመኮም ሳያሳውቅ ሲገባ ከኃላፊው ቢሮ በፊት እነዚህን ሁለት መዝገቦች መጠየቅ ይችላል። በነቀምቴ ተጀምሮ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ቢቀጥል የአራቱ ዞኖች ውጤት በየዓመቱ በስማቸው ሊታተም ይገባል፤ የእስረኛው ቤተሰብም፣ ጠበቃውም፣ የሚፈርደው ዳኛም እንዲያነቡት።